ስለ ሦስቱ ባሕር ጠላቂ ወዳጆች ጨዋታ



በሬዲዮ ተነግሮ ዛሬ በዚህ ዓምድ የሚወጣው ይህ ንግግር በታሪክ ርእስ ሥር መቅረቡ አንዳንዶቻችሁን ሳያስደንቅ አይቀርም። ታሪክ ሲባል የነገሥታትና የጦርነት፣ የውልና የድንበር ነገር ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን። እኔ ግን ዛሬ የማወጋችሁ ሦስት ወዳጆች ከባሕር በታች ሲገለባበጡና ሲሣሣቁ ስላደረጉት ነገር ነው። ከመዋኛ ገንዳ ያለፈ ውኃ ገብቼ የማላውቅ ሰው በመሆኔ የምናገረው ሁሉ ያነበብሁትን ነው። የምጠቅሳቸውም ዓመታት በአውሮጳ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሦስቱም ሰዎች ፈረንሳውያን ነበሩ። ፊሊፕ ታዬ በ1905 ዓ.ም.፣ ዣክ ኢቭ ኩስቶ በ1910 ዓ.ም.፣ ፍሬዴሪክ ዱማ ደግሞ በ1913 ዓ.ም. ተወለዱ። ሁለቱ ታላላቆች የባሕር ኃይል መኰንኖች ሲሆኑ፣ ዱማ ግን ወታደርም ሠራተኛም ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ባሕር ውስጥ የሚውል ዓሣ አዳኝ ነበር። ኩስቶ አስቀድሞ ምኞቱ አውሮፕላን ነጂ መሆን ነበር። ዳሩ ግን በ1936 ዓ.ም. የመኪና አደጋ ደርሶበት ክንዶቹ ስለ ተሰበሩ ያ ምኞት ቀረ። ክንዱን ለማጠንከር በቱሎን አጠገብ ሲዋኝ፣ በዚያው ዓመት የጠላቂ መነጽር አድርጎ ራሱን ወደ ውኃው ዝቅ አደረገ፤ ከዚያች ቀን በኋላ ልቡ ወደ ሰማይ አልተመለሰም። ታዬ ዱማን ካገኘውና ከኩስቶ ጋር ካገናኘው በኋላ ሦስቱ አንለያይም አሉ።

በዚያን ጊዜ የሚጠልቁት በአንድ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ጨዋታቸውም እንደ ማንኛውም ጎረምሳ ጨዋታ ውድድርና ውርርድ ነው። አንድ ቀን ዱማ በሁለት ሰዓት ውስጥ መቶ ኪሎ ዓሣ በጦር ወግቼ አወጣለሁ ብሎ ተወራረደና አምስት ጊዜ ብቻ ጠልቆ ከዚያ የሚበልጥ አወጣ። ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው። ትንፋሹን ይዞ የገባ ሰው ነገሩ ገና ሲጥመው መውጣት አለበት፤ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሰርግ እንደሚያይ ሰው ነው። ስለዚህ ወዳጆቹ አየር ይዘው የሚገቡበትን ዘዴ ይፈልጉ ጀመር። ኩስቶ በ1939 ዓ.ም. ንጹሕ ኦክሲጅን በሚሰጥ መሣሪያ ሁለት ጊዜ ቢሞክር፣ ሁለቱንም ጊዜ ሰውነቱ ተንቀጠቀጠና ራሱን ሊስት ደረሰ። ንጹሕ ኦክሲጅን ከጥቂት ሜትር በታች መርዝ እንደሚሆን የተማረው በገዛ አካሉ ነው።

መፍትሔው የተገኘው ማንም ባልጠበቀው ቦታ ነው። በጦርነቱ ጊዜ በፈረንሳይ አገር ቤንዚን ስለ ታጣ መኪናዎች ከእንጨት በሚወጣ ጋዝ ይነዱ ነበር። ኤሚል ጋኛን የተባለው መሐንዲስ በፓሪስ ኤር ሊኪድ በሚባለው ኩባንያ ሲሠራ፣ ጋዙ ሞተሩ በፈለገው መጠን ብቻ እንዲገባ የሚያደርግ መመጠኛ ሠርቶ ነበር። ኩስቶ በ1942 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ እርሱ ሄዶ ችግሩን ቢነግረው ጋኛን ያንኑ መመጠኛ አሳየው። ለሞተር የሚያገለግል ነገር ለሰው ሳንባ ለምን አያገለግልም? ሁለቱ ተባብረው መሣሪያውን ሠሩና በ1943 ዓ.ም. መጀመሪያ በፓሪስ አጠገብ በሚገኘው በማርን ወንዝ፣ በዚያ ብርድ፣ ኩስቶ ገብቶ ሞከረው።

ሙከራው አላማረም። ኩስቶ ቀጥ ብሎ ሲቆም አየሩ እየተንፎለፎለ በከንቱ ይፈስሳል፤ ራሱን ወደ ታች ሲያዘቀዝቅ ደግሞ ትንፋሽ ያጥረዋል። ጋደም ሲል ብቻ ደኅና ይሠራል። ምክንያቱን ያገኙት ወደ ቤት ሲመለሱ ነው። የውኃ ግፊት እንደ ጥልቀቱ ይለያያል፤ የሚወጣው አየር ቀዳዳና አየር የሚሰጠው መመጠኛ በጥቂት ጣት ያህል ከፍና ዝቅ ብለው ስለ ተቀመጡ፣ ሰውዬው በተገለበጠ ቁጥር የሁለቱ ግፊት ይዛባል ማለት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ባደረጓቸው ጊዜ ችግሩ ተወገደ።

እንግዲህ የዛሬው ወጋችን ዋና ነገር ወደሆነው ወደ ሰኔ 1943 ዓ.ም. ደረስን። ከማርሴይ ወደ ምሥራቅ፣ ባንዶል በምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ አጠገብ፣ ኩስቶ ሦስት የአየር ጠርሙስ ተሸክሞ፣ እንደ ዳክዬ እግር ያለ የጎማ ጫማ አጥልቆ ገባ። ባለቤቱ ሲሞን ከላይ እየዋኘች በመነጽር ትከታተለዋለች፤ ዱማ ደግሞ ችግር ቢፈጠር ዘሎ ለመግባት በባሕሩ ዳር ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ያም ጥንቁቅ መኰንን፣ ያም የሠላሳ ሦስት ዓመት የልጆች አባት፣ ከታች ምን አደረገ ብትሉ፣ ተገለባበጠ፤ እንደ እንዝርት ሾረ፤ በመጨረሻም ራሱን ወደ ታች አዘቅዝቆ በአንድ ጣቱ ቆመና ሣቀ። ድምፁ በውኃው ውስጥ ተጣሞ ሲወጣ የሰማ ከራሱ በቀር ማንም አልነበረም። ከአንድ ዋሻ ጣራ ላይም ሎብስተር የሚባለውን ቅርፊታም የባሕር እንስሳ እየለቀመ ለሲሞን አቀበላት፤ ጊዜው የረኃብ ጊዜ ስለ ነበር ይህ እንደ ቀልድ የሚታይ ስጦታ አልነበረም።

አንባብያን ሆይ፣ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። እኛ የቢሮ ሰዎች ቀልድና ሥራ አይደባለቁም የሚል ልማድ አለን። ይህ የባንዶሉ ጉዳይ በመሥሪያ ቤት ወረቀት ቢጻፍ ኖሮ «መሣሪያው በማናቸውም አቅጣጫ ተሞክሮ ተስማሚ ሆኖ ስለ ተገኘ...» ተብሎ ለበላይ አካል በቀረበ ነበር። በአንድ ጣት መቆሙ የትም አይገባም። ሆኖም የማርኑን ወንዝ ነገር አስታውሱ፤ መሣሪያው የወደቀው በመገለበጥ ነበር። እንግዲያው ራሱን አዘቅዝቆ በአንድ ጣቱ የቆመው ሰው እየተጫወተ ነበር ወይስ እየፈተነ? እኔ እንደሚመስለኝ ራሱ ኩስቶም ሁለቱን መለየት አይችልም ነበር። አየሩ ቀጥ ሲልም፣ ሲዘቀዘቅም፣ ሲንከባለልም አልተዛባም፤ ሣቁም የተነሣው ከዚሁ ይመስለኛል።

በዚያው በጋ ሦስቱ ወዳጆች ወደ 500 ጊዜ ያህል ጠለቁ። ጀርመኖች ደቡብ ፈረንሳይን ከያዙ ገና ዓመት ያልሞላቸው ሲሆን፣ የፈረንሳይም መርከቦች በቱሎን ወደብ በገዛ ባለቤቶቻቸው እጅ ከሰመጡ ጥቂት ወራት ብቻ ነበሩ። በላይ ያለው ዓለም እንዲህ ሆኖ ሳለ፣ እነርሱ በሰመጡ መርከቦች ውስጥ እየተዘዋወሩ ፊልም አነሡ።

ነገር ግን ባሕሩ የራሱ ቀልድ ነበረው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ዱማ በገመድ እየተመራ እስከ 64 ሜትር ጠለቀ። በተመለሰ ጊዜ የተናገረው ነገር ወዳጆቹን አስደነቃቸው፤ ጆሮው ይጮኻል፣ አፉ ይመርረዋል፣ እርሱ ግን ምንም ሐሳብ የሌለበት ሰካራም ሆኖ እጅግ ደስ ብሎት ነበር። ምክንያቱን ሐኪሙ አልበርት ቤንኬ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ውስጥ በ1935 ዓ.ም. ገልጦት ነበር፤ በአየር ውስጥ የሚገኘው ናይትሮጂን በላይ ሳለን ምንም አያደርገንም፣ ከብዙ ውኃ በታች ግን ግፊቱ ስለሚበዛ አእምሮን እንደ መጠጥ ያደነዝዛል። ወደ ላይ ሲወጡ ስካሩ ወዲያው ይጠፋል፤ ራስ ምታት እንኳ አያስከትልም። ኩስቶ ይህን ሁኔታ የጥልቀት ተመስጦ ብሎ ጠራው፤ በዚህ የተያዘ ጠላቂ አጠገቡ የሚያልፈው ዓሣ አየር የቸገረው መስሎት የገዛ አየሩን ከአፉ አውጥቶ ሊያበረክትለት ይችላል ሲል ጽፎአል። ስናነበው ያሥቃል።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በ1945 ዓ.ም. የፈረንሳይ ባሕር ኃይል በቱሎን የባሕር ውስጥ ምርምር ክፍል አቋቁሞ ሦስቱን ወዳጆች አሠማራቸው። ጨዋታው መሥሪያ ቤትና ደመወዝ አገኘ ማለት ነው። ከእነርሱ ጋር ሞሪስ ፋርግ የሚባል ባልደረባ ነበረ። በመስከረም 1947 ዓ.ም. የጥልቀቱን ወሰን ለማወቅ አንድ ረጅም ገመድ ወደ ባሕር ተጣለ፤ በገመዱም ላይ በየደረጃው ሰሌዳ ታሰረ፤ ጠላቂው የደረሰበት ሰሌዳ ላይ ስሙን እንዲጽፍ ነበር። ፋርግ ወረደ። ገመዱን እየሳበ ሁሉ ደኅና ነው የሚል ምልክት ይሰጥ ነበር። ቆይቶ ምልክቱ ቀረ። ከላይ ያሉት ገመዱን መሳብ ሲጀምሩ ሌላ ጠላቂ ሊቀበለው ወረደና በ45 ሜትር ላይ አገኘው፤ የሚተነፍስበት ከአፉ ወጥቶ በደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ወዳጆቹ አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ትንፋሹን ለመመለስ ደከሙ፤ አልሆነም። ገመዱ በወጣ ጊዜ የፋርግ ፊርማ በ120 ሜትሩ ሰሌዳ ላይ ተገኘ።

በዚያ ጥልቀት ፋርግ ይሥቅ እንደ ሆነ ማን ያውቃል? የባንዶሉ ሣቅና የጥልቀቱ ስካር ለተመልካች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ከውስጡ ላለውም ሰው እንዲሁ። ዛሬ ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው ከ40 ሜትር እንዳያልፍ የሚመከረው፣ ከዚያ በጣም ወደ ታች የሚሠሩትም ናይትሮጂኑ ተቀንሶ ሂልየም የተቀላቀለበት አየር የሚተነፍሱት ስለዚህ ነው።

ጨዋታው ግን አልቀረም፤ ወደ ላይ፣ ብርሃን ወዳለበት ውኃ ተመለሰ እንጂ። ወደ እኛም ባሕር መጣ። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተዋሐደችበት ወቅት፣ ከ1952 እስከ 1953 ዓ.ም.፣ የኢጣልያ ጠላቂዎች ጓድ ዛሬ የኤርትራ በሆኑት በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ሰንብቶ፣ ፎልኮ ኲሊቺ ስድስተኛው ክፍለ ዓለም የተባለውን የቀለም ፊልም በ1954 ዓ.ም. አወጣ። ኩስቶም ከሉዊ ማል ጋር የዝምታ ዓለም የተባለውን ፊልም በ1956 ዓ.ም. አሳይቶ በካን ከተማ ታላቁን ሽልማት ተቀበለ። ያን ፊልም ዛሬ የሚያይ ሰው ደስታና ኀፍረት ይደባለቁበታል፤ ጠላቂዎቹ በባሕር ኤሊ ተጎትተው ሲሄዱ፣ ዓሣ ለመቍጠር የኮራል ዐለት በድማሚት ሲያፈርሱ፣ ሻርክም በቂም ሲገድሉ ይታያልና። ኩስቶ ራሱ ከዚያ በኋላ ለባሕር ፍጥረት ተከራካሪ ሆኖአል።

በዚሁ ፊልም ውስጥ ግን አንድ ሌላ ጨዋታ አለ። በሲሸልስ ደሴቶች አጠገብ አንድ ትልቅ መሩ የሚባል ዓሣ ጠላቂዎቹን ለመደና ኡሊስ ብለው ሰየሙት። ከእጃቸው ይበላል፣ ይከተላቸዋል፣ በፊልሙም ላይ ከአንድ ጠላቂ ጋር በሙዚቃ እየዞረ ሲደንስ ይታያል። ችግሩ ለሌሎቹ ዓሦች ምግብ በሚሰጡበት ጊዜ ሁሉ እርሱ በመካከል እየገባ ሥራ አላሠራ ማለቱ ነው። በመጨረሻ ለሻርክ መከላከያ በተሠራው የብረት ቀፎ ውስጥ አግባብተው ዘጉበት፤ ኡሊስም ከፍርግርጉ ኋላ ሆኖ፣ ሌሎቹ ሲበሉ ይመለከት ነበር።