ቁጥር ደም አያደርቅም

ጥር 12 ቀን 2010 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር፤ የቃና ዘገሊላ ዕለት። የወልድያ ሕዝብ የቅዱስ ሚካኤልን ታቦት ከጥምቀተ ባሕሩ ወደ መንበሩ ለመመለስ ወጥቷል። ከወጣቱ መካከል መንግሥትን የሚቃወም ዘፈንና መፈክር የሚያሰማ ነበር። የፀጥታ ኃይሎች ይህን እናስቁም ብለው ገቡ፤ በበዓል አክባሪው ሕዝብ ላይም ተኩስ ተከፈተ። በዚያች አንድ ቀን በትንሹ ሰባት ሰዎች ተገደሉ።

ቁጣው ወልድያ ላይ አልቆመም። በቀጣዮቹ ቀናት ወደ ሰሜን ቆቦ፣ ወደ ደቡብ ደግሞ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው መርሳ ተሻገረ። መንገድ ተዘጋ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተቃጠሉ፣ ተጨማሪ ሰዎችም ሞቱ። የግለሰቦች ቤትና ሱቅም አልተረፈም፤ በጥይቱ ውስጥ እጃቸው የሌለበት የትግራይ ተወላጆች ንብረት ተለይቶ ጥቃት ደረሰበት።

ሳምንት ሳይሞላው የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ከፍተኛ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት ከጄኔቫ መግለጫ አወጣ። ሰባት ሰዎች መገደላቸውን ጠቅሶ፣ ነጻና ገለልተኛ ምርመራ እንዲደረግ፣ ጥፋተኞችም እንዲጠየቁ አሳሰበ።

ከዚያ ወዲህ የወልድያ ጥር በተነሳ ቁጥር ቀድማ የምትጠቀሰው ያቺ ቁጥር ናት፦ ሰባት። የሟች ቤተሰብ ጥያቄ ግን የቁጥር ጥያቄ አይደለም። ማን አዘዘ? ማን ተኮሰ? በየትኛው ችሎት ቆሞ መልስ ሰጠ? ነው።

የኢትዮጵያ ዜጎች ላለፉት 50 ዓመታት ስለ ፍትሕ ባደረጉት ትግል ደጋግመው ያሸነፉት የቆጠራውን ዙር ነው። ሙታን ይቆጠራሉ፣ ሪፖርት ይጻፋል፣ ምክር ቤት ያደምጣል። ከቆጠራው ወደ ችሎት የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ሲደረስ ግን ነገሩ ይቆማል። የዚህ ታሪክ መነሻም መድረሻም ወሎ ናት።

▪️ ደም የሚደርቀው እንዴት ነው?

ድሮ "በሕግ አምላክ!" ከተባለ እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይባል ነበር። ሕግ ከሰው በላይ ነው የሚለው እምነት ከዘመናዊ ፍርድ ቤት በፊት የነበረ ነው።

ገዳዩ ወይም ሌባው ያልታወቀ እንደሆነ አገሬው ለአውጫጭኝ ይጠራ ነበር። ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ሰው ከእርሻው ተስተጓጉሎ ሜዳ ላይ ይውላል። ዘዴው እንከን ነበረበት፤ ንጹሑን ከበደለኛው ጋር ያንገላታል። ሐሳቡ ግን ጥርት ያለ ነው፦ ደም ፈሶ ገዳዩ ሳይታወቅ አገር ወደ ሥራው አይመለስም።

በወሎ ደግሞ አባጋር አለ። ሙስሊምና ክርስቲያን ሽማግሌዎች በአንድ ጥላ ሥር ተቀምጠው ደም ያደርቃሉ። በዚህ ሥርዓት ካሳም፣ መሐላም፣ ምርቃትም አለ። አንድ ነገር ግን ከሁሉም ይቀድማል፦ በዳይ በደሉን ማመን አለበት። "እገሌ ሞቷል" ብሎ መርዶ መናገር እርቅ አይደለም። ቁጥር ደም አያደርቅም።

▪️ 1966፦ የወሎ ሙታንና መርማሪ ኮሚሽን

በ1965 ዓ.ም. ከደሴ ተነስቶ በመርሳና በወልድያ አልፎ ወደ ቆቦ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ዳር ዳሩን በተራቡ ገበሬዎች ተሞልቶ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ረሃቡን ደበቀው። የደበቀውን ያጋለጡት የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ናቸው፤ ወደ ወሎ ወጥተው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ።

አብዮቱ ሲፈነዳ ከሕዝቡ ዋና ዋና ጥያቄዎች አንዱ "ተጠያቂው ይለይ" የሚል ነበር። በ1966 ዓ.ም. መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምን የመሰሉ ምሁራን የነበሩበት ይህ ኮሚሽን ባለሥልጣናትን እየጠራ፣ ስለ ወሎ ረሃብና ስለ ሥልጣን ብልግና ይጠይቅ ጀመር። ሚኒስትር ጥያቄ ተጠይቆ መልስ ሲሰጥ አገሩ ያየው ያኔ ነው።

ያ ጅምር ግን ፍርድ ቤት አልደረሰም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ሁለቱን የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድንና እንዳልካቸው መኮንንን ጨምሮ "ስልሳዎቹ" በመባል የሚታወቁትን ያለ ፍርድ ረሸነ። ብዙ ሰው ያን ዕለት "ወሎ ተካሰች" ብሎ አስቦ ይሆናል። ወሎ ግን አልተካሰችም። ማን ምን ያህል እንዳወቀ፣ ማን እንደደበቀ፣ እህሉ ለምን እንዳልደረሰ በችሎት ሳይነገር ተጠያቂዎቹም ማስረጃውም አብረው ተቀበሩ። ያለ ፍርድ መግደልን በዚያች ሌሊት የለመደው መሣሪያም ሁለትና ሦስት ዓመት ሳይቆይ ወደ ወጣቱ ዞረ። "ተጠያቂው ይለይ" ብለው ከጮኹት መካከል ብዙዎቹ በቀይ ሽብር ረገፉ።

▪️ ድልድዩ አንድ ጊዜ ተሻግሯል

ቀይ ሽብር ራሱ ግን ከችሎት የደረሰ ብቸኛው ትልቅ የግፍ መዝገብ ሆነ። በ1984 ዓ.ም. ልዩ ዐቃቤ ሕግ በአዋጅ ተቋቋመ። ታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. የደርግ አባላት ችሎት ቀረቡ። ከ12 ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተባሉ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት መጀመሪያ ዕድሜ ልክ፣ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በይግባኝ ሞት ተፈረደባቸው።

ያ ችሎት ነቀፋ አላጣውም። ተከሳሾች ለዓመታት ያለ ፍርድ ታስረዋል። ዋናው ተከሳሽ ዚምባብዌ ተቀምጠዋል። የከሰሰው አሸናፊው ስለ ነበር አሸናፊው ራሱ የሠራው አልተጠየቀም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም እናቶች ችሎት ገብተው የልጆቻቸውን ስም ጠርተዋል፤ በፊርማ የጸደቀ የግድያ ትእዛዝ ማስረጃ ሆኖ ቀርቧል፤ "ማን አዘዘ?" የሚለው ጥያቄ በስም ተመልሷል። ይህን ያስቻሉት ሁለት ነገሮች ነበሩ፦ ሰነዱ አለመጥፋቱና ቤተሰቡ አለመድከሙ።

▪️ ሁለት ሪፖርቶች

ሰኔ 1997 እና ጥቅምት 1998 ዓ.ም. ከምርጫው ውዝግብ በኋላ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ሰዎች ተገደሉ። ፓርላማው አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ 193 ሲቪሎች መገደላቸውን አረጋገጠ፤ መንግሥት ቀድሞ ካመነው ቁጥር እጅግ የሚበልጥ ነው። ሰብሳቢው ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ዳኛ ወልደ ሚካኤል መሸሻ ግን ሪፖርቱ ፓርላማ ሳይቀርብ ከአገር ወጡ። አብዛኛው አባል የተወሰደው እርምጃ ከመጠን ያለፈ እንደነበር መወሰኑንና ውሳኔው እንዲቀየር ጫና መደረጉን ተናገሩ። ለፓርላማ የቀረበው ሪፖርት 193ቱን አመነ፤ እርምጃው ግን ከመጠን አላለፈም አለ። ቁጥሩ ተሰጠ፣ ጥፋተኛው ጠፋ።

ከ11 ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 2009 ዓ.ም.፣ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በ2008 እና በ2009 በነበሩት ተቃውሞዎች 669 ሰዎች መሞታቸውን ለፓርላማ ገለጸ። ከእነዚህ 140ው በአማራ ክልል የሞቱ ነበሩ። የወልድያ ጥይት የተተኮሰው ይህ ሪፖርት ከተነበበ ዓመት ሳይሞላው ነው። ሰው ተቆጥሮ ገዳይ ካልተጠየቀ፣ ቆጠራው ለቀጣዩ ተኳሽ የሚያስተላልፈው መልእክት "ቢበዛ ትቆጠራለህ" የሚል ነው።

▪️ 2010፦ ሕያዋን ተፈቱ፣ ሙታን ቆዩ

የ2010 ዓ.ም. ለውጥ በፍትሕ በኩል ያመጣው ነገር ትንሽ አልነበረም። ታኅሣሥ 25 ቀን እስረኞች እንደሚፈቱና ማዕከላዊ እንደሚዘጋ ተነገረ። የካቲት 8 ቀን አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ፤ በማግሥቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በመጋቢት መጨረሻ ማዕከላዊ ተዘጋ። ሰኔ 11 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ፓርላማ ውስጥ ቆመው፣ መንግሥት ራሱ በዜጎች ላይ ሥቃይ ይፈጽም እንደነበር አመኑ። ስንቱን ወደ ወህኒ የወረወረው የ2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብር አዋጅ በ2012 ዓ.ም. በሌላ ተተካ።

ይህን ሁሉ ያስገኘው የዜጎች ግፊት ነው። የእስረኞች ቤተሰቦች፣ ጠበቆች፣ ጋዜጠኞች፣ በየከተማው አደባባይ የወጡ ወጣቶች ዋጋ ከፍለውበታል። ወልድያና መርሳም ከከፋዮቹ መካከል ናቸው።

ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የደኅንነት ሹማምንት መታሰራቸውን ሲያስታውቅ ግን፣ የምርመራው ክብደት ያረፈው በእስር ቤት ውስጥ በተፈጸመ ሥቃይና በሜቴክ ሙስና ላይ ነበር። ይህ ተገቢ ነው። ሆኖም በእስር ቤት የተሠቃየ ሰው በሕይወት ወጥቶ ገላውን አሳይቶ መመስከር ይችላል። አደባባይ ላይ የወደቀ ሰው ግን ራሱ አይመሰክርም። ስለ እሱ የሚመሰክሩት ቤተሰቡ፣ አብሮት የነበረው ሰውና የሐኪም ወረቀቱ ናቸው።

ከዚያ ደግሞ ጦርነት መጣ። ከ2013 መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ፣ መርሳና ቆቦ በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ወደቁ። በአካባቢው የተፈጸመው ግድያ፣ መድፈርና ዘረፋ በሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን የመጋቢት 2014 ሪፖርት ተመዝግቧል። የጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት የሽግግር ፍትሕ እንዲዘረጋ አዘዘ፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤትም ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ፖሊሲውን አጸደቀ። ፖሊሲው በጸደቀበት ሰዓት አማራ ክልል በሌላ ጦርነትና በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ውስጥ ነበር። አዲስ ደም በአሮጌው ላይ ሲደራረብ የመጀመሪያው ይረሳል። የወልድያ ጥር 12 ከእነዚህ ሁሉ ሥር ያለ መዝገብ ነው።

▪️ ሰዓቱ እየሄደ ነው

ሕጉ ለዚህ መዝገብ በር አልዘጋም። ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ማንም ሰው፣ ወንጀሉን በዓይኑ ያየም ያላየም፣ ክስ እንዲመሠረት የማመልከት መብት ሰጥቶታል። የወንጀል ሕጉ ያዘዘውን ኃላፊ ያደርጋል፤ ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ የፈጸመውንም "ታዝዤ ነው" ብቻውን አያድነውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ደግሞ ያለ ፍርድ መግደልና አስገድዶ መሰወር የመሳሰሉ በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች በይርጋ እንደማይታገዱ፣ በምሕረትም በይቅርታም እንደማይታለፉ ይደነግጋል። የአደባባይ ተኩስ ከእነዚህ ይቆጠራል ወይ የሚለውን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ፋይል ካልቀረበለት ግን ምንም አይወስንም።

ከአንቀጽ 28 ውጭ ነው ቢባል እንኳ ጊዜ አለ፤ ማለቂያው ግን የታወቀ ነው። በወንጀል ሕጉ መሠረት ሞት ወይም ዕድሜ ልክ የሚያስቀጣ ግድያ በ25 ዓመት፣ ተራ ግድያ ደግሞ በ20 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ለወልድያና ለመርሳ ይህ ማለት 2035 እና 2030 ዓ.ም. ነው።

እስከዚያ የሚያስፈልገው አዲስ ቁጥር አይደለም። የሟች ስም ከነአባቱ፣ የወደቀበት ቦታና ሰዓት፣ የሆስፒታል ወረቀት፣ በዕለቱ የተነሳ ምስል፣ በዚያ ቀን ከተማዋን ይጠብቅ የነበረው ኃይል ማንነት፣ የምስክር ቃል ከእነ ፊርማው ያስፈልጋል። ሱቁ የተቃጠለበት የትግራይ ተወላጅ አቤቱታም በዚያው መዝገብ መግባት አለበት። የራሱን ሙት ብቻ የሚቆጥር ፍትሕ በ1987ቱ ችሎት ላይ የተነሳውን ነቀፋ መልሶ ይወርሳል፤ አባጋርም የአንዱን ወገን ደም ብቻ አድርቆ አያውቅም።

ታቦቱ በየዓመቱ ጥር 12 ወደ መንበሩ ይመለሳል። 2030 ዓ.ም. ከመድረሱ በፊት የሟቾቹ መዝገብም ከየቤቱ ሳጥን ወጥቶ ወደ ችሎቱ መድረስ አለበት። ያን ጊዜ "በሕግ አምላክ!" የሚል ሰው የሚያቆመው ያገኛል።