ሰፊው ቁስልና ጠባቡ ቀዳዳ፦ የኩላሊት ዕጢ ቀዶ ሕክምና ታሪክ

ኩላሊት ከሆድ ዕቃ በስተኋላ፣ ከታችኞቹ የጎድን አጥንቶች ሥር ተሸሽጎ ስለሚገኝ ለብዙ ዘመን የሐኪም ቢላዋ ሳይደፍረው ኖሯል። አስቀድሞ በታቀደ ቀዶ ሕክምና አንድ ኩላሊት አውጥቶ በሽተኛዋን በሕይወት ያቆየው ጀርመናዊው ጉስታቭ ሲሞን ሲሆን፣ ይህም የሆነው እ.ኤ.አ. በ1869 በሃይደልበርግ ነው። ሲሞን ሰው በአንድ ኩላሊት መኖር እንደሚችል ለመረዳት በቅድሚያ በውሾች ላይ ሞክሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ ካናዳዊው ሮብሰን ዕጢ ያለበትን ኩላሊት ከከበበው ሥብና ሽፋን ጋር አንድ ላይ የማውጣትን ዘዴ በሰፊው አስተዋወቀ። ዘዴው በሽታውን ከሥሩ ለመንቀል ሲረዳ፣ በአንጻሩ ሰፊ ቁስልና ረጅም የማገገሚያ ጊዜ ይጠይቅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ ራልፍ ክሌይማንና ባልደረቦቹ የአንዲት የ85 ዓመት አዛውንትን ኩላሊት በጠባብ ቀዳዳዎች አወጡ። ሆዱ በጋዝ ተነፍቶ፣ ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያዎች ገብተው፣ ኩላሊቱ በከረጢት ውስጥ ተፈጭቶ ወጣ። ሥራው 7 ሰዓት ያህል ፈጀ፤ ዕጢው ግን ትንሽ ነበር።

ዕጢው ከ7 ሴንቲ ሜትር ሲበልጥ ጉዳዩ ይከብዳል። ለምርመራ ሳይፈጭ እንዲወጣ ሲፈለግ፣ በመጨረሻ ኩላሊቱ የሚያልፍበት ቁስል መከፈቱ አይቀርም። ያም ሆኖ በሠለጠነ እጅ ሲሠራ የሚፈሰው ደም ያንሳል፤ በሽተኛውም ከአልጋው ቶሎ ይነሣል፤ ካንሰሩን በማስወገድ ረገድም ውጤቱ ከሰፊው ቁስል እምብዛም አይለይም። ዕጢው ወደ ታላቁ ደም መልስ ሥር ከዘለቀ ግን በአብዛኛው የሚመረጠው የቀድሞው ዘዴ ነው።

ይህ ንጽጽር ከአዲስ አበባ ከ440 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ለምትገኘው ለቦንጋና ለከፋ ዞን ልዩ ትርጉም አለው። ጠባቡ ቀዳዳ ከሐኪሙ ጥበብ ሌላ የማይቋረጥ መብራት፣ ጋዝ፣ መለዋወጫና መሣሪያውን የሚጠግን ባለሙያ ይሻል። አንዱ ከጎደለ ሐኪሙ በመካከል ወደ ሰፊው ቁስል ለመመለስ ይገደዳል። ስለሆነም ሁለቱንም ዘዴ ማወቅ ግድ ነው። ቡናና እንሰት የሚያለማው ገበሬ ወደ ማሳው ፈጥኖ መመለሱ ለቤተሰቡ የኑሮ ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ ከሁሉም የሚበልጠው ዕጢው ሳይገዝፍ መድረስ ነው፤ ሽንት ደም ሲቀላቅል ሳይዘገዩ በአልትራሳውንድ መታየት ያሻል። ትንሽ ዕጢ ብዙ ጊዜ ኩላሊቱን ሳያሳጣ ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው እዚህ ላይ በእጅጉ ይሠራል።