የፓሪስ ሠዓሊዎች ምርጫና ኪራዩ

ዛሬ ወጣቱ ከሚወዳቸው የቪዲዮ ጨዋታዎች መካከል ታሪክ እያወሩ ምርጫውን ለተጫዋቹ የሚሰጡ አሉ። ታሪኩ መንታ መንገድ ላይ ሲደርስ ይቆምና «በየትኛው ትሄዳለህ?» ይላል። ተጫዋቹ አንዱን ይመርጣል፤ ታሪኩም በዚያው ይቀጥላል። እስቲ ጓደኞቼ፣ እንዲህ ያለውን ጨዋታ በ19ኛው መቶ ዘመን ፓሪስ ውስጥ እናስበው። ተጫዋቹ ድኻ ሠዓሊ ነው እንበል። የቤት ኪራይ አለበት፤ ቀለሙንም በዱቤ ነው የሚገዛው። ምርጫው ሁለት ነው፤ ለ«ሳሎን» ዳኞች ማጎንበስ ወይም ከጓደኞቹ ጋር ማመፅ።

«ማመፅ ነዋ!» እንደምትሉ ይገባኛል። ቆይ እንጂ፣ መጀመሪያ ታሪኩን እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሳሎን የሚባለው መንግሥት የሚያዘጋጀው ታላቅ የሥዕል ኤግዚቢሽን ነበር። ዳኞቹ ያሳለፉት ሠዓሊ ገዢ ያገኛል፤ የጣሉት ሸራውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በ1863 የተጣለው ሥዕል ከመብዛቱ የተነሣ ጩኸቱ ከንጉሠ ነገሥቱ ከሣልሳዊ ናፖሌዎን ጆሮ ደረሰ። እሱም የተጣሉት ለብቻቸው ይታዩ ብሎ አዘዘ። ሕዝቡ ሄደ፤ አብዛኛው ግን የሄደው ሊስቅ ነው።

ከ10 ዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 1873፣ ሞኔ፣ ሬኑዋር፣ ፒሳሮ፣ ሲስሌ፣ ዴጋ፣ ቤርት ሞሪዞና ሌሎችም አንድ ማኅበር አቋቋሙ። መዋጮው በዓመት 60 ፍራንክ ነበር። ኤፕሪል 15 ቀን 1874፣ ሳሎን ሊከፈት 2 ሳምንት ሲቀረው፣ ፎቶግራፍ አንሺው ናዳር በለቀቀው ስቱዲዮ ውስጥ የራሳቸውን ኤግዚቢሽን ከፈቱ። መግቢያው 1 ፍራንክ ሲሆን በአንድ ወር ውስጥ 3,500 ያህል ሰው ገባ። ሉዊ ለርዋ የተባለ ጋዜጠኛ፣ ሞኔ ለአንድ ሥዕሉ ከሰጠው ርእስ «ኢምፕሬሽን» የምትለውን ቃል መዝዞ «ኢምፕሬሽኒስቶች» እያለ አፌዘባቸው። ስሙ ተጣብቆ ቀረ፤ ገንዘብ ግን የለም። በዓመቱ መጨረሻ ሒሳቡ ሲሠራ እያንዳንዱ አባል 184 ፍራንክ ተኩል ዕዳ ተገኘበት። ማኅበሩም ፈረሰ። በ1875 አንዳንዶቹ ሥዕላቸውን በሐራጅ ሲያስሸጡ ሁከቱ በርትቶ ፖሊስ እስከ መጥራት ተደረሰ።

ይሁን እንጂ ኤግዚቢሽኑ አልቆመም፤ እስከ 1886 ድረስ 8 ጊዜ ተካሄደ። እውነተኛው መንታ መንገድ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ከእኛ ጋር የሚያሳይ ሰው ሥዕሉን ወደ ሳሎን እንዳይልክ የሚለውን ደንብ ዴጋ አጥብቆ ያዘ። ሬኑዋር ግን በ1879 የአንድ አሳታሚ ሚስት የነበረችውን የማዳም ሻርፓንቲዬንና የልጆቿን ሥዕል ለሳሎን አቀረበና ተሳካለት። ሞኔም በ1880 ሁለት ልኮ አንዱን ተቀበሉት። ሁለቱም በጓደኞቻቸው ዘንድ እንደ ከሓዲ ታዩ።

ግን ማን ነው ማንን ከሓዲ የሚለው? ሬኑዋር የልብስ ሰፊ ልጅ ነው፤ ገና በ13 ዓመቱ በሸክላ ዕቃ ላይ አበባ እየሣለ እንጀራውን ያበስል ነበር። በ1881 ከአልጄሪያ ለሥዕል ነጋዴው ለዱራን ሩዌል በጻፈው ደብዳቤ ነገሩን በቁጥር አስቀምጦታል። ያለ ሳሎን ሠዓሊን ሊወድ የሚችል ሰው በፓሪስ ቢበዛ 15 ቢገኝ ነው፤ ሳሎን ያልገባ ሠዓሊ ምንም የማይገዙት ግን 80,000 ናቸው። ሞኔ ደግሞ ሚስቱን ካሚልን በ1879 ቀብሮ ሁለት ልጆች ይዞ በዕዳ ተዘፍቆ ነበር።

በአንጻሩ ዴጋ የባንክ ባለቤት ልጅ ነው። ኋላ የቤተሰቡ ባንክ በዕዳ ቢወድቅም ያደገው ስለ እንጀራ ሳይጨነቅ ነው። ሞሪዞም ከ1864 ጀምሮ ሲቀበላት የቆየውን ሳሎን ትታ ወጣች፤ የከፍተኛ ባለሥልጣን ልጅ ናትና ጦም አላደረችም። ይህን ስል ድፍረታቸውን ላሳንስ አይደለም። በተለይ ሞሪዞ፣ የመንግሥቱ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለሴቶች በሩን የከፈተው በ1897 መሆኑን ስናስብ፣ ሌላም ግድግዳ ነበረባት። ግን እምቢ ብለው ማታ እራታቸውን የሚበሉ ሰዎች ነበሩ። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም።

ይህን ያየው ደግሞ ከሁሉም ሀብታም የነበረው ካይቦት ነው። ከአባቱ በወረሰው ገንዘብ የጓደኞቹን ሥዕል ይገዛ፣ ለኤግዚቢሽኑም ወጪ ያወጣ ነበር። በ1881 ለፒሳሮ በጻፈው ደብዳቤ ዴጋን ይከሰዋል፤ ለራሱ ሰዎች ሲሆን መኖር አለባቸው ብሎ ይከራከርላቸዋል፣ ለሬኑዋርና ለሞኔ ሲሆን ግን ይህንኑ ምክንያት ይነፍጋቸዋል ይላል።

«ታዲያ ፒሳሮስ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ድኻ ሆኖ ሳለ በ8ቱም ኤግዚቢሽኖች የቀረበ እሱ ብቻ ነው። ዋጋውን ግን ብቻውን አልከፈለም። ሚስቱ ዡሊ ጓሮዋን እያለማች ብዙ ልጆች አብልታለች። ጨዋታው ላይ የሚመርጠው አንድ ሰው ነው፤ ቤት ውስጥ የሚራበው ግን ሌላም አለ። ሲስሌን ደግሞ የትኛውም መንገድ አላዳነውም። ሁለቱንም ሞክሮ በ1899 በችግር ሞተ፤ በዓመቱ በ1900 የጎርፍ ሥዕሉ 43,000 ፍራንክ ተሸጠ። በጨዋታው ቢሆን ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ይመርጥ ነበር።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ታሪክ ስናነብ «ያ ቆራጥ፣ ይህ አድርባይ» ማለት ይቀናናል። ከማለታችን በፊት ኪራዩን ማን ይከፍልለት እንደነበር እንጠይቅ። ጥያቄው ማንንም ነፃ አያወጣም፤ ፍርዳችንን ግን ከጭፍንነት ያድነዋል።