ቶርኖና መሮ፤ የኮቡርግ ጽዋዎች ታሪክ

ከእንጨት ወይም ከዝሆን ጥርስ ያማረ ጽዋ ለመሥራት ሁለት ሙያ ያስፈልጋል። ቶርኖ ዕቃውን እያዞረ በስለት ያስተካክለዋል፤ ነገር ግን ክብ እንጂ የሰው መልክ አያወጣም። ቅጠሉንና ምስሉን የሚያወጡት፥ ዕቃው ቆሞ ሳለ፥ መሮና ቢላዋ ናቸው።

ሁለቱን ሙያዎች ካዋሐዱት አንዱ ጀርመናዊው ማርኩስ ሃይደን ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኮቡርግ ከተማ ለመስፍኑ ለዮሐን ካዚሚር የዝሆን ጥርስ በቶርኖ እየፈለፈለ ጽዋ ያወጣ፥ በጽዋውም ላይ ምስል ይቀርጽ ነበር። መስፍኑ ራሱም የቶርኖ ሥራ ያውቅ ነበር። በሠላሳው ዓመት ጦርነት፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1632፥ ማቲያስ ዴ ሜዲቺ ጽዋዎቹን ማርኮ ወደ ኢጣልያ ወሰዳቸው፤ ዛሬም በፍሎሬንስ በፒቲ ቤተ መንግሥት ይገኛሉ።

መስፍኑ ሀብቱን አጣ፤ የሠሪው ስም ግን አልጠፋም። በአገራችን ባለ እጅ ይሰደብ ስለ ነበረ፥ ዳግማዊ ምኒልክ ስድቡን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከለከሉ። እንግዲህ እኛ ትምህርታችንን የምንፈጽም ተማሪዎች፥ መስፍን ያላፈረበትን የእጅ ሥራ ልናፍርበት አይገባንም።