መሪው በማን እጅ ነው?

ጋምቤላ መኪና ሳታይ የኖረች አገር አይደለችም። አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ከተዋዋሉ በኋላ ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ፤ ወንዙ በሚሞላባቸው ወራትም የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም እየመጡ ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ባሮ ዳር የተወለደው ልጅ መርከቡን አየ እንጂ መሪውን አልጨበጠም።

ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ ባለችው አቦቦም ነገሩ ብዙም አልተለወጠም። ከ1977ቱ ድርቅ ጋር ሰፋሪዎች ከወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች በገፍ ወደ ጋምቤላ ወረዱ። ደርግ በሶቪየት ባለሙያዎች እገዛ የአልዌሮን ወንዝ አስገደበ፤ ውጥኑም 10 ሺህ ሄክታር ገደማ በመስኖ ማልማት ነበር። ግድቡ ቆመ፤ እርሻው ግን አልተከተለም። ውሃው ለዓመታት ተኝቶ ከርሞ፣ በ2002 ዓ.ም. ግድም ሳውዲ ስታር የተባለው ኩባንያ ሩዝ ላመርት ብሎ 10 ሺህ ሄክታር ተከራየ። ዛሬም ቢሆን የአቦቦ ስም ሲነሣ የሚነገረው ስለ ግድቡና ስለ መሬቱ ነው፤ ስለ ልጆቿ ሙያ ሲወራ እምብዛም አይሰማም።

ይህን ሁሉ የማነሣው ስለ ኮምፒዩተር ላወራ ነው። «ለድሃው ወጣት ኮምፒዩተር ይዳረስ» ሲባል ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ አልዌሮ ትዝ ይለኛል።

ድሃ ልጅ መሪውን በእጁ ያስገባበት መኪና በታሪካችን የለም ማለት ግን አይደለም። እሱን ለማየት ወደ አዲስ አበባ መሻገር ግድ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ የፊደላችንን ብዛት ለጽሕፈት መኪና እንዲመች አድርገው ካበጁት በኋላ፣ የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤትና ስንቱ ጠባብ ክፍል የጽሕፈት መኪና ያስተምር ጀመር። ዘመድም ሀብትም የሌላት ልጅ ጣቶቿን አፍጥና ቢሮ ገባች፤ ወንድሞቿን አስተማረች። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ወጥቶ የግል ጋዜጦች ሲፈሉ ደግሞ ኮምፒዩተር ላይ የሚለቅም ወጣት ተፈላጊ ሆነ። ስንት ስመ ጥር ጸሐፊ ነው የእጅ ጽሑፉን ስሙ ለማይታወቅ ለቃሚ እየሰጠ ያሳተመው! ለቃሚው መኪና በነፃ አልታደለም፤ ሙያ ተማረ፣ ሙያውን የሚገዛ ገበያም ደጁ ላይ ነበር። በእኔ እምነት ምሥጢሩ ይኸው ነው።

በ2004 ዓ.ም. በወንጪና በወለንጪቲ ሌላ ሙከራ ተደረገ። የአሜሪካው የ«አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» ድርጅት ማንበብ ለማያውቁ ሕፃናት በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶች ያለ አስተማሪ አደለ። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት፣ አንዱ ሕፃን በደቂቃዎች ውስጥ ማብሪያውን አገኘ፤ ከወራት በኋላም ልጆቹ የተዘጋባቸውን ካሜራ በራሳቸው ከፈቱ። ያስደንቃል። ለእኔ ግን ይህ የሚያሳየኝ የገጠር ልጅ ጉጉት እንደማያጥረው ነው፤ ጉጉት ብቻውን ደግሞ እንጀራ አይሆንም።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር ሆኖ «የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች» ሥልጠናን ጀመረ። ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስ፣ የአንድሮይድ ሥራና ሰው ሠራሽ አስተውሎት በነፃ በኢንተርኔት ይማሯል። መልካም ነው። ነገር ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ መብራት ይፈልጋል፣ እንግሊዝኛ ይፈልጋል። ሦስቱም የተሟሉለት ልጅ መጀመሪያውኑ አቦቦ ይቆያል ወይ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ፊደላችንን ከቁልፍ ሰሌዳ ጋር ለማስማማት ብዙ ዘመን ደከምን። አኙዋኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የአቦቦ ልጅ ከዚህ ድካም አብዛኛው ተነሥቶለታል፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ዛሬውኑ መልቀም ይችላል። ለትምህርት ቤቱ ፈተና፣ ለጤና ጣቢያው መዝገብ፣ ለወረዳው ደብዳቤ፣ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እዚያው ለቃሚ ያስፈልጋል። ትልቁ ፕሮግራሚንግ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ለመጀመሪያው ትምህርት ጥቂት ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች፣ ጣሪያ ላይ የሚሰቀል የፀሐይ መብራትና ደሞዙ በየወሩ የሚከፈለው፣ አኙዋኛም አማርኛም የሚያውቅ አንድ አስተማሪ ይበቃሉ። ከሦስቱ በቀላሉ የሚለገሰው ኮምፒዩተሩ ነው፤ የአስተማሪውን ደሞዝ ማን እንደሚከፍል ግን ከወዲሁ መታወቅ አለበት።