ከደሴቱ የጠፋው ሕዝብ

ፊደል ቆጥራችሁ ዛሬ ይህን ገጽ ራሳችሁ ለማንበብ በቅታችኋል። እስቲ ቀስ እያልን አብረን እናንብብ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በሰሜን አሜሪካ፣ በካናዳ፣ ኒውፋውንድላንድ የሚባል ብርዳም ደሴት አለ። ደሴት ማለት ዙሪያውን ውሃ የከበበው መሬት ነው። በዚያ ቤኦቱክ የሚባል ሕዝብ ይኖር ነበር። ሙቀት ሲሆን ወደ ባሕሩ ዳር ወርደው ዓሣ ያጠምዳሉ፤ የወፍ እንቁላል ይለቅማሉ። በረዶ ሲመጣ ወደ መሀል አገር ገብተው አጋዘን ያድናሉ። ታንኳቸውን የሚሠሩት ከዛፍ ቅርፊት ነበር። ገላቸውንና ዕቃቸውን በቀይ አፈር ይቀቡ ነበር።

ታዲያ ይህ ሕዝብ እንዴት ጠፋ?

ከ1497 ወዲህ የአውሮፓ ዓሣ አጥማጆች ይመጡ ጀመር። መጀመሪያ አጥምደው ይመለሱ ነበር። እነሱ ሲሄዱ ቤኦቱኮች ከባዶው ሰፈር ምስማር ለቅመው፣ ቀጥቅጠው፣ የቀስት ጫፍ ያደርጉታል። በኋላ ግን ፈረንጆቹ እዚያው ሰፍረው ቀሩ። የባሕሩን ዳርና የወንዞቹን አፍ ያዙ። ብረት መውሰዱን ሌብነት አሉት፤ በጠመንጃም ተበቀሉ። ቤኦቱኮችም በቀስት መለሱ። ቀስትና ጠመንጃ ግን እኩል አይደሉም። ስለዚህ ዓሣውንና እንቁላሉን ትተው ወደ መሀል አገር ሸሹ። እዚያ ረኃብ ጠበቃቸው። የተረፉትንም የሳንባ ነቀርሳ ፈጃቸው።

በ1819 የታጠቁ ሰዎች በአንድ ሐይቅ ዳር ደማስዱዊት የምትባል አራስ ያዙ። ባሏ ኖኖሳባሱት ሚስቱን ላለማስወሰድ ሲታገል ገደሉት። ልጇም ሞተ። በሴንት ጆንስ ከተማ ነገሩን የመረመሩ ሰዎች «ራሳቸውን ሲከላከሉ ነው» ብለው ገዳዮቹን በነፃ ለቀቁ። ዓመት ሳይሞላ እሷም ሞተች።

በ1823 ዘመዷ ሻናውዲቲት ከእናቷና ከእህቷ ጋር ተርባ በፈረንጆች እጅ ገባች። እናትና እህቷ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። እሷ በሰው ቤት አገልጋይ ሆነች። በኋላ ዊሊያም ኮርማክ የሚባል ሰው ወረቀትና እርሳስ ሰጣት። መጻፍ አታውቅም፤ ግን ሣለች። የወገኖቿን ቤት፣ ምግባቸውን፣ ጦራቸውን፣ የሸሹበትን መንገድ፣ ደማስዱዊት የተያዘችበትን ሐይቅ ሣለች። በ1829 በሴንት ጆንስ ሞተች። የመጨረሻዋ የታወቀች ቤኦቱክ እሷ ናት። ሚክማክ የተባሉት የደሴቱ ነባር ሰዎች ግን አባቶቻችን ከቤኦቱኮች ጋር ተጋብተዋልና ዘራቸው በእኛ ውስጥ አለ ይላሉ።

ኮርማክም ቢሆን የባልና ሚስቱን የራስ ቅል ወደ ስኮትላንድ ልኮ ነበር። ወደ ደሴቱ የተመለሱት በ2020 ነው።

ልብ በሉ፤ ስለ ቤኦቱክ ብዙውን የጻፉት መሬታቸውን የወሰዱባቸው ሰዎች ናቸው። «ሌባ» ያሏቸውም እነሱ ናቸው። ከዚያ ሕዝብ በራሱ ሰው እጅ በወረቀት ላይ የቀረው የአንዲት ሴት ሥዕል ነው።

ወገኖች፣ እርሳሱ ዛሬ በእናንተ እጅ ነው። የአያቶቻችሁን ስም ጻፉ። የመንደራችሁን ወንዝ ጻፉ። ያያችሁትን ራሳችሁ ጻፉ።

ጥያቄ፦
1. ቤኦቱኮች የባሕሩን ዳር ለምን ለቀቁ?
2. ሻናውዲቲት ምን ምን ሣለች?
3. ስለ አካባቢያችሁ የምታውቁትን በሦስት መስመር ጻፉ።