አምባ ግሸን፦ ገደል የሠራው ግንብ

የጥንት ምሽግ ሲነሣ ኅሊናችን ወደ ጎንደር ግንቦች ያዘነብላል። ከመርሳ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በአምባሰል የሚገኘው አምባ ግሸን ግን ምሽግነቱን ያገኘው ከግንበኛ እጅ ሳይሆን ከራሱ ገደል ነው። በመካከለኛው ዘመን ዙፋኑን ይቀናቀናሉ ተብለው የተፈሩ የነጋሢ ዘሮች በዚህ ተራራ ላይ በግዞት ይኖሩ ነበር። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1434 እ.ኤ.አ. ለንግሥና የተጠራው ከዚሁ ግዞት ነው።

ወሬው አውሮፓ ሲደርስ መልኩን ለወጠ፤ እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሚልተን በ1667 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ድርሰቱ አምባውን ከገነት ጋር አነጻጸረው። ለግዞተኞቹ ግን ወኅኒ ነበር።

በ1540 እ.ኤ.አ. የኢማም አሕመድ ሠራዊት አምባውን ሲይዝ የግሸን ግዞት አከተመ። ልማዱ ግን አልሞተም፤ በጎንደር ዘመን ወደ ወኅኒ አምባ ተሻገረ። ዛሬ እስር ቤትን «ወኅኒ» ስንል የምንጠራው የዚያን ተራራ ስም ነው፤ ፍርስራሹ በቋንቋችን ውስጥ ይኖራል።